በምሳሌና በታሪክ ስለ ማስተማር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! በየቤታችሁና በየሥራ ቦታችሁ ይህን ቃል የምትሰሙ፣ ይልቁንም በየተማሪ ቤቱ ሕፃናትን በማስተማር የምትደክሙ ወንድሞችና እኅቶች፤ ዛሬ የምንነግራችሁ ነገር ለመምህራን ብቻ የተለየ አይደለም፤ ልጅ ያላቸውን አባቶችና እናቶች፣ የንስሐ ልጆች ያሏቸውን ካህናት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎችንም ሁሉ የሚመለከት ነው። ይኸውም ሕፃናትን በምሳሌና በታሪክ ስለ ማስተማር ነው።

ለተማሪ ታሪክ መንገር ጊዜ ማባከን የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ትምህርት ማለት ሕጉንና ቍጥሩን ማስያዝ ነው፤ ታሪክ ግን ደወል እስኪደወል ድረስ ሕፃናቱን ዝም ማሰኛ ነው ይላሉ። የቅዱሳት መጻሕፍት ምስክርነትና የአባቶቻችን ልማድ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ያስረዱናል። የሰው ልብ በር እንዳለው ጎተራ ነው። በሩ ሳይከፈት የሚፈስ እኽል በደጅ ይበተናል፤ ወፍም ይለቅመዋል። መምህሩ ደክሞ ይውላል፤ ማታ ግን ጎተራው ባዶ ነው። ምሳሌና ታሪክ ይህን በር የሚከፍቱ ናቸው።

ጌታችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የጥበብ ሁሉ ባለቤት ሲሆን፣ ሕዝቡን ሊያስተምር በተቀመጠ ጊዜ ያነሣው ነገር ምን ነበረ? ዘር ሊዘራ ስለ ወጣ ገበሬ፣ በዱቄት ውስጥ እርሾ ስለ ሸሸገች ሴት፣ ከመቶ በጎቹ አንዱ ስለ ጠፋበት እረኛ፣ ገንዘቧ ጠፍቶባት መብራት አብርታ ቤቷን ስለ ጠረገች ሴት ነገራቸው። ይህን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 እና በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 እናገኘዋለን። የሰሙትም ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች፣ እረኞችና የቤት እመቤቶች ስለ ነበሩ፣ እጃቸው የሚያውቀውን ነገር ይዞ ዓይናቸው ወዳላየው መንግሥት አደረሳቸው። የቦረናና የሳይንት፣ የወግዲና የለጋምቦ ገበሬም ይህን ወንጌል ሲሰማ ጭንጫው ምን እንደ ሆነ፣ እሾኹ ዘርን እንዴት እንደሚያንቀው የሚነግረው ሰው አያሻውም፤ የገዛ እርሻው ነውና። ከሚያውቀው ጀምሮ ወደማያውቀው መምራት የማስተማር የመጀመሪያው ጥበብ ነው።

ሁለተኛም፣ ምሳሌ ሰሚውን በራሱ ላይ ፈራጅ ያደርገዋል። ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ባሏን በጦር ሜዳ ባስገደለ ጊዜ፣ እግዚአብሔር ነቢዩን ናታንን ላከበት። በዙፋን ላይ የተቀመጠውን ንጉሥ ፊት ለፊት መዝለፍ ምን ያኽል አስጨናቂ እንደ ሆነ አስቡት። ናታን ግን በጩኸት አልጀመረም። ብዙ በግ ስላለው ባለጸጋና አንዲት በግ ብቻ ስላለችው ድኻ ነገረው፤ ባለጸጋው እንግዳ በመጣበት ጊዜ የራሱን መንጋ ትቶ የድኻውን በግ እንዳረደ ነገረው። ዳዊትም ተቈጥቶ በዚያ ባለጸጋ ላይ ፈረደ። ያን ጊዜ ነቢዩ ያ ሰው አንተ ነህ ብሎ ገለጠለት፤ ንጉሡም ኃጢአቱን አምኖ ንስሐ ገባ። ይህም በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 12 ተጽፏል። እንግዲህ የንጉሥን ልብ የሰበረ ምሳሌ የአንድን አስቸጋሪ ተማሪ ልብ መመለስ እንዴት ያቅተዋል? በአርጩሜ የተመታ ልጅ ጀርባውን ያስባል፤ በምሳሌ የተመከረ ልጅ ግን ሥራውን ያስባል።

ሦስተኛም፣ ታሪክ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሻግር ድልድይ ነው። እስራኤል ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ፣ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች አንሥተው እንዲያቆሙ ኢያሱ አዘዘ። ምክንያቱም ተነግሯል፤ ወደ ፊት ልጆች እነዚህ ድንጋዮች ምንድን ናቸው ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ አባቶች የእግዚአብሔርን ሥራ እንዲነግሯቸው ነው (ኢያሱ 4)። ልብ አድርጉ፤ ድንጋዩ ብቻውን አይናገርም። ልጁ ካልጠየቀ፣ አባትም ካልመለሰ፣ 12ቱ ድንጋዮች እንደ ማንኛውም የወንዝ ድንጋይ ሆነው ይቀራሉ። በእኛም አገር እንዲህ ያሉ ድንጋዮች ስንት ናቸው? በሳይንት የሚገኘውን የተድባበ ማርያምን ጥንታዊ ደብር እያየ የሚያድግ ልጅ፣ ይህ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት ሰው ካላገኘ፣ ደብሩ በፊቱ ቆሞ ሳለ ታሪኩ ይሰወርበታል።

ምእመናን ሆይ! አንዳንድ ሰዎች የቤተ ክርስቲያናችንን ትምህርት ቤት ቃል በቃል ከማጥናት በቀር ሌላ ስልት የማያውቅ አድርገው ይናገራሉ። ቃልን አጥብቆ መያዝ እንዳለበት አንክድም፤ ፊደሉን፣ ንባቡንና ዳዊቱን በቃሉ ያልያዘ ተማሪ ወደ ላይኛው ትምህርት ሊሻገር አይችልም። እኛም በዚሁ መንገድ አልፈናል፤ ጥቅሙንም እናውቃለን። ነገር ግን በዚያው ትምህርት ቤት ታሪክ የራሱ ወንበር አለው። የመጻሕፍት መምህር ንባቡን ይተረጕማል፤ አንድም እያለ ምሥጢሩን ያሰፋል፤ ነገሩ ምስክር የሚሻ በሆነ ጊዜ ታሪክ ብሎ የሆነውን ያመጣል። ያን ጊዜ ደክሞት ያቀረቀረው ደቀ መዝሙር ቀና ይላል። የቅኔ መምህርም ሰምና ወርቅ ብሎ ሲያስተምር ይህንኑ ማሳየቱ ነው፤ ምሳሌው ሰም ነው፤ ምሥጢሩ ወርቅ ነው። ሰሙ ባይኖር ወርቁ ቅርጽ አያገኝም፤ ወርቁ ባይፈስስበትም ሰሙ ቀልጦ ይቀራል። ቤተ ክርስቲያንም ስንክሳርን በየዕለቱ፣ ገድላትንና ተአምራትን በየበዓላቸው ማስነበቧ፣ ፊደል ያልቈጠረው ምእመን ሁሉ በታሪክ እንዲማር ብላ ነው።

ከእነዚህ ታሪኮች አንዱ የዚሁ የምዕራብ ወሎ ደጋ ነው። የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን ስም የማያውቅ ካህን የለም። መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚቆመውን ሰዓታት ያዘጋጁ፣ በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የነበሩ ታላቅ ሊቅ ናቸው። ስማቸው የተጠራበት ጋስጫም በቦረና ምድር ይገኛል። ገድላቸው ግን ከሊቅነታቸው አስቀድሞ የሚነግረን ሌላ ነገር አለ። አባታቸው ለትምህርት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በሰደዷቸው ጊዜ ትምህርት አልገባ አላቸው። ዓመታት አለፉ፤ ጓደኞቻቸው ተሻገሩ፤ እርሳቸው ግን በነበሩበት ቀሩ። ይህ ልጅ አይማርም ተብሎ ወደ አባታቸው ቢመለሱ፣ አባታቸው ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን አልቀበልም፤ መማር ባይሆንለት ገዳሙን ያገልግል ብለው መልሰው ሰደዷቸው። በገዳሙም እኽል እየፈጩ፣ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሱ ይለምኑ ነበር። እመቤታችንም ተገልጣ ጽዋዓ ልቡናን አጠጣቻቸው፤ ከዚያ ወዲያ የማይገባቸው ምሥጢር አልነበረም ይላል።

ይህን ታሪክ በክፍሉ የሚነግር መምህር ሦስት ዓይነት ሰዎችን በአንድ ጊዜ ያስተምራል። በኋለኛው ወንበር ተቀምጦ እኔ ደንቆሮ ነኝ እያለ ተስፋ የቈረጠው ልጅ፣ እኽል ይፈጭ የነበረው ተማሪ ሊቀ ሊቃውንት እንደ ሆነ ሲሰማ ይጽናናል። በፊተኛው ወንበር ያለው ፈጣን ልጅ፣ ዛሬ የሚሥቅበት ጓደኛው ነገ መምህሩ ሊሆን እንደሚችል ያስባል። ሦስተኛው ተማሪ መምህሩ ራሱ ነው፤ አይማርም ብሎ ከማባረሩ በፊት ያ ልጅ ማን እንደ ሆነ ማን ያውቃል ብሎ ምላሱን ይገታል። ትጋ፣ አትታበይ፣ አትናቅ ብሎ ሦስት ትእዛዝ ቢሰጥ በማግሥቱ ይረሳ ነበር፤ ታሪኩ ግን ይቀራል።

ምሳሌና ታሪክ ለሃይማኖት ትምህርት ብቻ የሚሆን መስሎ እንዳይታያችሁ፣ ከዓለማዊው ትምህርት ደግሞ እንመልከት። በተንታ ወረዳ የሚገኘውን የመቅደላን ነገር እንውሰድ። ተማሪው ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሞቱ የሚለውን አንድ መስመር አጥንቶ ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል። ከፈተናው በኋላ ግን ምን ይቀርለታል? መምህሩ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ቢነግረው ሌላ ነው። ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ደብዳቤ እንደ ላኩ፣ መልስ ባጡ ጊዜ ተቈጥተው ቆንስሉንና ሌሎችን አውሮፓውያን እንዳሰሩ፣ በጋፋት ያሠሩትን 7 ቶን ያኽል የሚመዝን መድፍ በገደልና በሸለቆ አስጐትተው ወደ መቅደላ እንዳደረሱ፣ የእንግሊዝ ጦር በቀይ ባሕር በኩል እንደ መጣ፣ ንጉሡም እጄን አልሰጥም ብለው በራሳቸው ላይ እንደ ተኰሱ ይንገረው። ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው የሰበሰቧቸው የብራና መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆኖችና 200 ያኽል በሚሆኑ በቅሎዎች ተጭነው እንደ ሄዱ፣ ከመጻሕፍቱም ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት እንደሚገኙ ይጨምርለት።

ከዚያም መምህሩ ዝም ብሎ አይውጣ፤ ይጠይቅ። ደብዳቤው ያልተመለሰለት ሰው፣ ክብሩ ቢነካ እንኳ፣ ያልበደሉትን ማሰር ይገባው ነበርን? አገርን መውደድና ቍጣን መግታት በአንድ ሰው ልብ አብረው ሊኖሩ ይችላሉን? መጽሐፉን ያጣ ሕዝብ ምን አጣ? ልጁ ይህን ሲያስብ ዓመተ ምሕረቱን ሳይፈልግ እንኳ ያስታውሰዋል። በእንግሊዝ ልጆች ላይ ቂም እንዲይዝ ሳይሆን፣ በደጁ የቀሩትን ብራናዎች እንዲጠብቅ ይማራል። ለዚህም አገራችን በጎ ምሳሌ የሆኑ ሰዎች አሏት። ክቡር ከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌ የተባለውን መጽሐፋቸውን ጽፈው ብዙ ትውልድ በየትምህርት ቤቱ አንብቦታል። አባባ ተስፋዬ የተባሉት ተስፋዬ ሳህሉም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለሕፃናት ተረት ሲነግሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ ዛሬ ጠጕሩ የሸበተ ሰው ሁሉ በልጅነቱ የሰማውን ተረታቸውን አልረሳም።

የሒሳብ መምህር ደግሞ እኔ ቍጥር አስተምራለሁ፤ ታሪክ ምን ያደርግልኛል ይል ይሆናል። ለእርሱም አንድ ምሳሌ እንስጠው። ከመካነ ሰላም ራቅ ባለ መንደር የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ እንበል። አንዱ ሙስሊም ገበሬ ነው፤ ሁለተኛይቱ ልጆች የምታሳድግ ክርስቲያን ባልቴት ናት። እርሱ 12 ቁና፣ እርስዋ 8 ቁና ገብስ አምጥተው በአንድነት 20 ቁና አድርገው ለወፍጮ ጫኑ። በመንገድ ወንዝ ሲሻገሩ ጆንያው በድንጋይ ተቀደደና 5 ቁና በውሃ ተወሰደ። 15 ቁና ቀረ። እንዴት ይካፈሉ?

መምህሩ እዚህ ላይ ያቁም፤ ልጆቹ ይከራከሩ። አንዱ የጠፋውን እኩል ይካፈሉ ይላል፤ ያን ጊዜ ከእያንዳንዳቸው ሁለት ቁና ተኩል ይጐድላል። ሌላው ይነሣና ብዙ ያለውና ጥቂት ያለው እኩል ማጣት የለባቸውም ይላል። መምህሩም 5 ከ20 ምን ያኽል እጅ ነው ብሎ ይጠይቅ፤ ሩብ ነው። እንግዲያስ ከእያንዳንዱ ሩብ ይጕደል፤ ከ12 ቁና 3፣ ከ8 ቁና 2። ለእርሱ 9፣ ለእርስዋ 6 ይደርሳል። ይህ ቅን ፍርድ ነው። ሕፃናቱ የክፍልፋይን ሕግ ከሰሌዳ ላይ ሳይሆን ከተቀደደው ጆንያ ተማሩት።

ምሳሌው ግን ገና አላለቀም። ገበሬው፣ ልጆች አሉሽና የጠፋው ከእኔ ይሁን ብሎ 8ቱን ቁና ሰጣት፤ እርሱ 7 ቁና ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። እንግዲህ መምህሩ ይጠይቅ፤ ሒሳቡ 9 እና 6 ካለ፣ ይህ ሰው ሒሳብ ተሳስቷልን? አልተሳሳተም፤ ፍርዱን ዐውቆ ከፍርድ አለፈ እንጂ። ሌላ ሰው ግን መጥቶ 7 ቁና ብቻ ውሰድ ብሎ ሊያስገድደው ይችል ነበርን? አይችልም፤ ምሕረት ሰው ከራሱ ጎተራ የሚያወጣው ነው፤ ከሌላው ጎተራ በግድ ሲወጣ ግፍ ይሆናል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ስለ ወይን አትክልት ሠራተኞች የነገረን ምሳሌ ይህን ምሥጢር የያዘ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የደከሙት የተስማሙበትን ደመወዝ አላጡም፤ ዘግይተው የመጡትም በጌታው ቸርነት ተቀበሉ። ፍርድን የማያውቅ ልጅ ምሕረትን አያውቃትም። እነሆ በአንድ የሒሳብ ሰዓት ሁለቱም ተገኙ።

በዚህ ምሳሌ ቸሩን ሰው ከሌላ ሃይማኖት ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጌታችንም ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ ለጠየቀው ሕግ ዐዋቂ፣ አይሁድ የሚንቁትን ሳምራዊ የምሕረት ምሳሌ አድርጎ ነገረው (ሉቃስ 10)። መጨረሻውንም በጥያቄ ዘጋው፤ ለቈሰለው ሰው ባልንጀራ የሆነው ማንኛው ነው ብሎ ጠየቀው፤ መልሱን ያ ሰው በገዛ አፉ ተናገረ። በወሎ ምድር የክርስቲያንና የሙስሊም ልጆች በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ፤ ወላጆቻቸው በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ በኀዘን ይጠያየቃሉ። መምህሩ የሚነግራቸው ታሪክ ይህን ጉርብትና የሚያጸና እንጂ የሚንድ ሊሆን አይገባውም።

ከዚህ የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ የለንም። ምሳሌና ታሪክ በር ይከፍታሉ ብለናል፤ በተከፈተ በር ግን ወዳጅ ብቻ አይገባም፤ ሌባም ይገባል። ጥላቻም የሚተላለፈው በታሪክ ነው። የእነ እገሌ ወገን እንዲህ አደረጉን፤ አባቶቻቸው እንዲህ ነበሩ እየተባለ በምድጃ ዳር የተነገረ ቃል፣ ከ20 ዓመት በኋላ ጦር ሆኖ ይወጣል። ሕፃኑ የሰማውን መርምሮ የሚጥል አይደለም፤ ከወደደው ሰው አፍ የሰማውን ሁሉ እውነት ብሎ ያስቀምጣል። ስለዚህ ታሪክ የሚነግር ሰው ስለ ቃሉ በእግዚአብሔር ፊት መልስ የሚሰጥ መሆኑን ይወቅ። የሆነውን በደል እንደ ሆነ መንገር ይገባል፤ እውነትን መሸሸግ ዕርቅ አይደለምና። ነገር ግን የበደለው ሰው በስሙ ይጠራ እንጂ ወገኑ ሁሉ በእርሱ አይፈረድበት፤ በዚያው ዘመን በጎ ያደረገው የዚያው ወገን ሰውም አይረሳ።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፤ ወላጆችም ሆይ፤ በምሳሌና በታሪክ ስታስተምሩ የሚከተለውን ጠብቁ።

በመጀመሪያ፣ የምትደርሱበትን ሳታውቁ አትነሡ። ከታሪኩ በኋላ ልጁ ምን እንዲያውቅ፣ ምንስ እንዲያስብ ትወዳላችሁ? ይህን በልባችሁ ያልወሰነ ሰው ታሪኩ ከታሪክ ወደ ታሪክ እየወሰደው ጊዜው ያልቅበታል።

ሁለተኛ፣ ተረትን፣ ምሳሌንና ታሪክን ለዩ። ተረት ተረት ተብሎ ሲጀመርና ልጆቹ የላም በረት ብለው ሲመልሱ፣ ቀበሮና ዝንጀሮ እንደ ሰው ቢነጋገሩ የሚታለል የለም፤ ሁሉም ተረት መሆኑን ያውቃል። ምሳሌም ሊሆን እንደሚችል ነገር ይነገራል። ታሪክ ግን የሆነ ነገር ነው፤ ቀን፣ ቦታና ምስክር አለው። ይህን ሳይለይ የሚነግር መምህር፣ ልጁ ባደገ ጊዜ ተረቱ ተረት መሆኑን ሲያውቅ፣ እውነተኛውንም ታሪክ አብሮ እንዲጥል ያደርገዋል።

ሦስተኛ፣ ትርጓሜውን ለመናገር አትቸኩሉ፤ ጨርሶም አትተዉት። ጌታችን ለሕዝቡ በምሳሌ ነግሮ ለደቀ መዛሙርቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ይተረጕምላቸው እንደ ነበረ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ተጽፏል። አስቀድማችሁ ልጁን ጠይቁት፤ በራሱ አፍ መልሶ ይንገራችሁ። ሲነግራችሁ የያዘውንም የሳተውንም ታያላችሁ። የሳተውን አቅኑለት፤ የያዘውን አመስግኑለት።

አራተኛ፣ ምሳሌን በአንድ ልጅ ላይ እንደ ድንጋይ አትወርውሩ። ትናንት የሰረቀው ልጅ በክፍሉ ተቀምጦ ሳለ ስለ ሌባ ተርታችሁ ሁሉም ዞሮ እንዲያየው ብታደርጉ፣ ልቡን አልከፈታችሁም፤ ቈለፋችሁት እንጂ። ናታን ለዳዊት የተናገረው ንጉሡን በአደባባይ ለማሳቅ ሳይሆን ለንስሐ ለማብቃት ነበረ።

አምስተኛ፣ ታሪኩ ጥናቱን አያስቀር። በር ከፍቶ እኽል የማያስገባ ሰው ጎተራው ባዶ ይቀራል። ከታሪኩ በኋላ ልጁ ያንብብ፣ ይጻፍ፣ ያስላ፣ በቃሉም ይያዝ። ታሪክን ወድዶ ጥናትን የሚጠላ ተማሪ ሰሙን ይዞ ወርቁን የጣለ ነው።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ይህን ነገር ዛሬ ማንሣታችን ስለ ምን እንደ ሆነ ሳታውቁት አትቀሩም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት ወደ ደቡብ ወሎ በገባ ጊዜ ብዙ ተማሪ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ተዘርፈዋልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ተማሪ ቤት በተዘጋ ጊዜ ወንበርና ሰሌዳ የለም፤ መጽሐፍ አይገኝም። የእናት አፍ ግን አይዘጋም፤ የአያት ምድጃም አይጠፋም። ደብተር የሌለው ልጅ ጆሮ አለው። በእነዚያ ማታዎች በምድጃ ዳር የተነገረለት ነገር፣ ተማሪ ቤቱ በተከፈተ ቀን ይዞት የሚገባው ስንቅ ነው። የአባ ጊዮርጊስን ትጋት ሰምቶ ያደረ ልጅ ወደ ፊደሉ በተስፋ ይመለሳል። የበቀልን ታሪክ ብቻ ሲሰማ የከረመ ልጅ ግን ወንበሩ ላይ ቢቀመጥም ልቡ ከትምህርቱ ጋራ አይሆንም።

ስለዚህ እያንዳንዳችን ዛሬ ማታ አንድ ነገር እናድርግ። ከእራት በኋላ ልጆቻችንን በአጠገባችን አስቀምጠን አንድ እውነተኛ ታሪክ እንንገራቸው፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ቢሆን፣ ከቅዱሳን ገድል ቢሆን፣ ከአገራችን ታሪክ ቢሆን፣ ወይም በመንደራችን አንድ ሰው ለጎረቤቱ ያደረገው በጎ ነገር ቢሆን። ነግረንም አንድ ጥያቄ እንጠይቃቸው፤ መልሳቸውንም ታግሠን እንስማ። መምህራንም ነገ ወደ ክፍላችሁ ስትገቡ ለምታስተምሩት ትምህርት የሚስማማ አንድ ምሳሌ ይዛችሁ ግቡ። ደመወዛችሁ ጥቂት፣ ተማሮቻችሁ ብዙ፣ መንገዳችሁም ሩቅ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን የዘሪውን ምሳሌ አስቡ፤ ከዘሩ ከፊሉ በመንገድ፣ ከፊሉ በጭንጫ፣ ከፊሉ በእሾኽ መካከል ወደቀ፤ ዘሪው ግን መዝራቱን አልተወም። በመልካሙ መሬት የወደቀው ሠላሳ፣ ስድሳና መቶ ያማረ ፍሬ ሰጥቷልና።

መካነ ሰላም ማለት የሰላም ቦታ ማለት ነው። ይህችን ስም የተሸከመች ከተማና በዙሪያዋ ያለው ደጋ ሁሉ፣ አገራችንም በመላዋ፣ በስማቸው እንደ ተጠሩ እንዲሆኑ እግዚአብሔር ይርዳን። የተዘጉትን ትምህርት ቤቶች ይክፈትልን፤ የተበተኑትን ተማሮች ይሰብስብልን፤ ለመምህራን ትዕግሥትን፣ ለሕፃናት ማስተዋልን ይስጥልን። ትምህርት ለጨነቀው ተማሪ ሁሉ ለአባ ጊዮርጊስ የደረሰች እመቤታችን ትድረስለት። የቅዱሳን ሁሉ ጸሎትና በረከት ከእኛ ጋራ ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።